ለኤ-ሌቭል ፊዚክስ የትኛውን የምርጫ ርዕስ ልያዝ?

ጥያቄ፦ ተማሪ፣ ምሥራቅ ለንደን

ጤና ይስጥልኝ። በሚቀጥለው ሴፕቴምበር የሲክስዝ ፎርም፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ለሚወሰደው የኤ-ሌቭል ፈተና የሚያዘጋጀው ትምህርት፣ ሁለተኛና የመጨረሻ ዓመቴን እጀምራለሁ። የምማራቸው ሂሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ናቸው፤ የፊዚክሱን ፈተና የሚያወጣው ደግሞ ኤኪውኤ የተባለው ቦርድ ነው። እንደምታውቁት በዚህ ቦርድ ሦስተኛው የፈተና ወረቀት በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ክፍል የቤተ ሙከራና የመረጃ ትንተና ጥያቄዎችን ይዞ ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን ከአምስት ርዕሶች አንዱ ብቻ ተመርጦ የሚሠራበት ነው። አምስቱ ርዕሶች አስትሮፊዚክስ፣ ሜዲካል ፊዚክስ፣ ኢንጂነሪንግ ፊዚክስ፣ ተርኒንግ ፖይንትስ እና ኤሌክትሮኒክስ ይባላሉ።

መምህራችን ለመላው ክፍል የሚያስተምሩት አስትሮፊዚክስን ነው። ሆኖም ሌላ ርዕስ በራሱ አጥንቶ መፈተን የሚፈልግ ተማሪ ካለ እስከ ትምህርት መክፈቻ ድረስ እንዲያሳውቃቸው ነግረውናል። እኔ ወደፊት መካኒካል ኢንጂነሪንግ መማር ስለምፈልግ ኢንጂነሪንግ ፊዚክስን ብወስድ ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዬ ይጠቅመኛል ብዬ አስባለሁ። በሌላ በኩል ወደ እንግሊዝ የመጣሁት የ8ኛ ክፍልን ትምህርት አዲስ አበባ ከጨረስኩ በኋላ በመሆኑ፣ ስሌት ብዙም አያስቸግረኝም፤ በእንግሊዝኛ ረዘም ያለ ማብራሪያ መጻፍ ሲመጣ ግን አሁንም ከክፍል ጓደኞቼ እዘገያለሁ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ተርኒንግ ፖይንትስ ነው ይለኛል። በዚህ ያለፋችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንዲሁም በማስተማር ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ምን ትመክሩኛላችሁ? ከመምህሬ ጋር መቆየት ይሻለኛል ወይስ ብቻዬን መውጣት?


መልስ፦ የፊዚክስ መምህር፣ በርሚንግሃም

እህቴ፣ ጥያቄሽን በሥርዓት ስላቀረብሽው አመሰግናለሁ። መልሱን ከመስጠቴ በፊት የነገሩን ክብደት ልናገር። ሦስተኛው ወረቀት በጠቅላላው 80 ነጥብ አለው፤ ከዚህ ውስጥ የምርጫው ክፍል 35 ነጥብ ይይዛል። የሦስቱም ወረቀቶች ድምር 250 ስለሆነ፣ አሁን የምንነጋገርበት ጉዳይ ከጠቅላላ ውጤትሽ 14 በመቶ ያህል ነው። በፈተናው ቀን ከሁለቱ ሰዓት ውስጥ 50 ደቂቃ ገደማ ይወስድብሻል ማለት ነው። ስለዚህ ችላ የሚባል አይደለም፤ ነገር ግን ከመካኒክስ ወይም ከኤሌክትሪክ ትምህርት ጊዜ ተወስዶ ሊከፈልለት የሚገባም አይደለም።

ስለ ዩኒቨርሲቲው ያለሽን ሐሳብ ተዪው። የመካኒካል ኢንጂነሪንግ ክፍሎች የሂሳብና የፊዚክስ ውጤት ይጠይቃሉ እንጂ፣ በሦስተኛው ወረቀት ላይ የትኛውን ርዕስ እንደመረጥሽ በመስፈርታቸው ውስጥ አያስገቡም። በማመልከቻሽ ጽሑፍ ላይ ስለ ሞተር ያነበብሽውን መግለጽ ትችያለሽ፤ ይህን ለማድረግ ግን በዚያ ርዕስ መፈተን አያስፈልግሽም።

«ቀላሉ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይቀርብልኛል። ቦርዱ የእያንዳንዱን ደረጃ መነሻ ነጥብ ለአምስቱም ርዕሶች ለየብቻ ያወጣል። በአንድ ዓመት የአንዱ ርዕስ ጥያቄዎች ከሌላው ቀለል ብለው ከተገኙ፣ ለዚያ ርዕስ ኤ ለማግኘት የሚያስፈልገው ድምር በጥቂት ነጥብ ከፍ ይላል። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ቀላል ወረቀት ፍለጋ መሮጥ የሚያተርፍ እንዳልሆነ ያሳያል። የአጎትሽ ልጅ ለእርሱ ቀላል የሆነለትን ነግሮሻል፤ ምን ዓይነት ተማሪ እንደሆነ ግን አልነገርሽንም።

በእኔ አመለካከት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ ርዕሱ ምን ዓይነት መልስ እንድትጽፊ ያስገድድሻል? አስትሮፊዚክስ በጣም የተቀላቀለ ነው። የቴሌስኮፕ የጨረር ሥዕል ትሥያለሽ፣ የከዋክብትን ብሩህነት ከርቀታቸው ጋር በሎጋሪዝም ታያይዣለሽ፣ ከኦ እስከ ኤም ያሉትን የከዋክብት መደቦች ከነሙቀታቸውና ከነስፔክትረም መስመሮቻቸው በቃል ትይዣለሽ፣ ሱፐርኖቫንና የኳሳርን ምንነት በአጭሩ ታብራሪያለሽ። ስሌቱ ራሱ አጫጭር ነው። ለምሳሌ በጆድሬል ባንክ ያለው የሎቬል ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ዲሽ 76 ሜትር ስፋት አለው፤ የሃይድሮጅንን 21 ሴንቲሜትር ሞገድ ሲቀበል ነጥሎ ሊያያቸው የሚችላቸው የሁለት ነገሮች አነስተኛ ማዕዘን 0.21 ለ76 ተካፍሎ ወደ 0.0028 ራዲያን ይሆናል፤ ይህም የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሲሶ ያህል ነው። ጥያቄው ከዚህ አልፎ «ታዲያ ይህን ያህል ግዙፍ ዲሽ ከትንሽ የመስታወት ቴሌስኮፕ ያነሰ ዝርዝር የሚያሳየው ለምንድን ነው?» ቢልሽ፣ መልሱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ የሬዲዮ ሞገዱ ከብርሃን ሞገድ በመቶ ሺዎች እጥፍ ስለሚረዝም።

ኢንጂነሪንግ ፊዚክስ በአንጻሩ ሁለት ትልልቅ ክፍሎች ብቻ አሉት፤ እነርሱም የሚሽከረከሩ አካላት እንቅስቃሴና ቴርሞዳይናሚክስ ናቸው። በቃል የሚያዘው ጥቂት ነው፤ ስሌቱ ግን በተከታታይ እርምጃዎች ይሄዳል፣ አንዱ እርምጃ ከተሳሳተ ቀጣዩን ይዞት ይሄዳል። ሜዲካል ፊዚክስ ባዮሎጂ ለሚማር ይመቻል፤ አንቺ ስለማትማሪው አልመክርሽም። ኤሌክትሮኒክስን በራሷ ሠርታ የምትዝናና ልጅ ካልሆነች በስተቀር ለማንም አልመክርም፤ የሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶችም ጥቂት ናቸው።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ስመጣ፣ እኔን የሚያሳስበኝ የርዕሱ ስም ሳይሆን የጻፍሽውን ማን እንደሚያርምልሽ ነው። ስሌትን ከመልስ ወረቀቱ ጋር አስተያይተሽ ራስሽ ማረም ትችያለሽ። ባለ 6 ነጥብ ማብራሪያን ግን፣ በተለይ በሁለተኛ ቋንቋ ስትጽፊ፣ ሌላ ሰው ካላነበበልሽ የጎደለውን አታዪውም። መምህርሽን «ኢንጂነሪንግ ብመርጥ ረጃጅም መልሶቼን በየጊዜው ያርሙልኛል?» ብለሽ ጠይቂያቸው። መልሳቸው አዎ ከሆነ ምርጫው እውነተኛ ምርጫ ነው፤ አይደለም ከሆነ ከክፍሉ ጋር ቆዪ።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በኢንተርኔት ስለ ፊዚክስ የምርጫ ርዕሶች ስትፈልጊ የኢንተርናሽናል ባካሎሬት ውይይቶች ይቀላቀሉብሻል። በዚያ ሥርዓት እስከ 2024 ድረስ ሪላቲቪቲ፣ ኢንጂነሪንግ፣ ኢሜጂንግና አስትሮፊዚክስ የሚባሉ አራት ምርጫዎች ነበሩ፤ ከ2025 ጀምሮ በሚፈተነው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ግን ምርጫ የሚባለው ነገር ቀርቷል። ስማቸው ስለተመሳሰለ ይዘታቸው አንድ ነው ብለሽ እንዳትወስጂ።


መልስ፦ የመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ፣ ሼፊልድ

ሰላም እህቴ። እኔ አንቺ አሁን ያለሽበት ቦታ ላይ ነበርኩ፤ ክፍሉ አስትሮፊዚክስ ሲማር እኔ ኢንጂነሪንጉን በራሴ ይዤ ተፈትኛለሁ። መምህሩ ከላይ ያሉት ትክክል ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ስለ ምርጫዬ የጠየቀኝ ማንም አልነበረም። ቴርሞዳይናሚክስንም ለሁሉም ከመጀመሪያው ስለሚያስተምሩ፣ ቀድሜ ማወቄ የጠቀመኝ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ ነው።

ሆኖም ርዕሱን ስለወደድኩት አልጸጸትም፤ የወደድኩበትንም ምክንያት ልንገርሽ። የሽክርክሪቱ ክፍል አዲስ ትምህርት ይመስላል እንጂ በመጀመሪያው ዓመት የተማርሽው የቀጥታ መስመር እንቅስቃሴ ራሱ ነው። በርቀት ፋንታ ማዕዘን፣ በኃይል ፋንታ ቶርክ (የማሽከርከር ኃይል)፣ በክብደት መጠን ፋንታ ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ (አካሉ የሽክርክሪት ለውጥን የሚቋቋምበት መጠን) ትተኪያለሽ፤ ቀመሮቹ ቅርጻቸው ሳይለወጥ ያገለግላሉ። ፍላይዊል የሚባለው ከባድ ጎማ የሚያከማቸው ጉልበት የኢነርሺያው ግማሽ በማዕዘናዊ ፍጥነቱ ስኩዌር ተባዝቶ ነው። ከዚህ የተነሳ የዙሩን ፍጥነት እጥፍ ማድረግ ጉልበቱን አራት እጥፍ ያደርገዋል፤ ክብደቱን እጥፍ ማድረግ ግን እጥፍ ብቻ። ታዲያ መሐንዲሶች ለምን ዝም ብለው ፍጥነቱን አይጨምሩም? ጎማው ራሱን በትኖ እንዳይፈነዳ ነው። ይህን ዓይነቱን ጥያቄ ፈተናው ላይ ታገኚዋለሽ።

ሁለተኛው ክፍል የሞተር ነው። የባለ አራት ምት የቤንዚን ሞተርና የናፍጣ ሞተር ዑደት በግፊትና በቮሊዩም ግራፍ ላይ ይሣላል፤ ግራፉ የሚከብበው ስፋት በአንድ ዑደት የተሠራው የተጣራ ሥራ ነው። ያንን ስፋት በሰከንድ በሚደረጉት ዑደቶችና በሲሊንደሮቹ ቁጥር ስታባዢው ኢንዲኬትድ ፓወር የሚባለው ይወጣል፤ ከዚያ ላይ በመሽከርከሪያው ዘንግ የሚገኘውን ስትቀንሺ በሰበቃ የጠፋው ይቀራል። አካሄዱ ይህን ያህል ግልጽ ነው፤ ቁጥር የምትወጂ ከሆነ ትደሰቺበታለሽ።

የሚያስቸግረው ቃላት የሚፈልገው ቦታ ነው። «የእውነተኛው ሞተር ግራፍ ማዕዘኖቹ ለምን ይጎብጣሉ?»፣ «በ900 ኬልቪን ሙቀት ወስዶ በ300 ኬልቪን የሚያስወግድ ሞተር ከ67 በመቶ በላይ ብቃት ሊኖረው የማይችለው ለምንድን ነው፣ በተግባርስ ከዚያም እጅግ የሚያንሰው ለምንድን ነው?» የሚሉ ጥያቄዎች ይመጣሉ። እዚህ ላይ ቫልቮች ለመከፈትና ለመዘጋት ጊዜ እንደሚወስዱ፣ ቃጠሎው በቅጽበት እንደማያልቅ፣ ሙቀት በሲሊንደሩ ግድግዳ እንደሚያመልጥ ለይተሽ መጻፍ አለብሽ። ስለዚህ ኢንጂነሪንግ ከጽሑፍ ነጻ ያወጣኛል ብለሽ ብቻ አትምረጪው።


መልስ፦ ተርኒንግ ፖይንትስን የወሰደ፣ ሌስተር

ከወንድሞቼ ጋር በአንድ ነገር ላይ አልስማማም፤ ይኸውም ቋንቋን እንደ መሰናክል አድርገን ስንነጋገር ነው። እኔም ወደዚህ አገር የመጣሁት በወጣትነቴ ነው፤ የመረጥኩት ደግሞ ከሁሉም በላይ ጽሑፍ የሚበዛበትን ርዕስ ነበር። ምክንያቴ የሚከተለው ነው።

ተርኒንግ ፖይንትስ የሚያጠናው የፊዚክስ አስተሳሰብ የተለወጠባቸውን ሙከራዎች ነው። የቶምሰንን የኤሌክትሮን ጥናት፣ የሚሊካንን የዘይት ጠብታ፣ የያንግን ሁለት ስንጥቅ፣ የፊዞን የብርሃን ፍጥነት ልኬት፣ የኸርዝን የሬዲዮ ሞገድ፣ የ1887ቱን የማይክልሰንና የሞርሊ ሙከራ፣ ከዚያም የአንስታይንን ልዩ አንጻራዊነት ይይዛል። ብዙው ነገር በዋናው ትምህርት ካለፍሽበት ጋር የተያያዘ ስለሆነ አዲሱ ሸክም ከሌሎቹ ያንሳል፤ ፎቶኤሌክትሪክን፣ የደ ብሮይን ሞገድና የኤሌክትሪክ መስክን አስቀድመሽ ታውቂያቸዋለሽ።

ረጃጅሞቹ ጥያቄዎች ደግሞ የሚጠይቁት ያማረ እንግሊዝኛ አይደለም። የማረሚያ መመሪያዎቹን አንብቢያቸው፤ የሚፈልጉት ነጥቦች በዝርዝር ተቀምጠዋል። ስለ ማይክልሰንና ሞርሊ ስትጠየቂ፣ የብርሃን ጨረሩ ለሁለት እንደሚከፈል፣ እርስ በርሳቸው በ90 ዲግሪ ሄደው እንደሚመለሱና እንደሚደራረቡ፣ መሣሪያው በ90 ዲግሪ ሲዞር የጥላና የብርሃን መስመሮቹ ይንቀሳቀሳሉ ተብሎ እንደተጠበቀ፣ ነገር ግን እንዳልተንቀሳቀሱ፣ ከዚህም የተነሳ ኤተርን (ብርሃን ይጓዝበታል ተብሎ ይታሰብ የነበረውን ነገር) ለመለየት እንዳልተቻለ በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ከጻፍሽ ሙሉ ነጥብ ታገኛለሽ። ሙከራዎቹ ደግሞ የታወቁና የተወሰኑ ናቸው፤ እያንዳንዱን ቀድመሽ ጽፈሽ፣ አሳርመሽ፣ እንደ ዳዊት ልትደግሚው ትችያለሽ። አስትሮፊዚክስ ላይ ግን አጭሩ ማብራሪያ ከየት እንደሚመጣ አታውቂም።

ከሁሉም የማይረሳኝ የሚዩኦኖች ጉዳይ ነው። እነዚህ ቅንጣቶች በላይኛው ከባቢ አየር ተፈጥረው በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ ወደ መሬት ይወርዳሉ። በ0.994 የብርሃን ፍጥነት ለሚጓዝ ሚዩኦን የእኛ ሰዓት ከእርሱ ሰዓት 9 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ባይበልጥ ኖሮ ዕድሜያቸው እጅግ አጭር ስለሆነ አብዛኞቹ መሬት ሳይደርሱ ይበተኑ ነበር። ስሌቱ ሁለት መስመር ነው። ትርጉሙን ለማመን ግን እኔ ጊዜ ወስዶብኛል።


መልስ፦ ወላጅ፣ ሊድስ

ልጄ ሕክምና ለመማር ስለምትፈልግ ሜዲካል ፊዚክስን መርጣ ነበር፤ ትምህርት ቤቷም የሚያስተምረው እርሱን ነበር። ዓይንና ጆሮ፣ የልብ ምት መለኪያውም ከባዮሎጂ ጋር ስለሚቀራረብ አልከበዳትም። የከበዳት የኤምአርአይ መሣሪያ አሠራር ነው፤ በማግኔት መስክ ውስጥ ፕሮቶኖች የሚያደርጉትን በቅደም ተከተል መግለጽ ብዙ ልምምድ ይፈልጋል። የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ ግን ይህን ርዕስ በመውሰዷ የተለየ ዋጋ አልሰጧትም፤ መምህሩ ስለ ኢንጂነሪንግ የተናገሩት ለሕክምናም ይሠራል።

እኛ ኢትዮጵያ ስንማር የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ሁሉ ያንኑ መጽሐፍ አጥንቶ ለያንኑ ፈተና ይቀመጥ ስለነበር፣ ልጆቻችን እንዲህ ያለ ምርጫ ሲቀርብላቸው ልንረዳቸው እንቸገራለን። ስለዚህ ለዝርዝር ማብራሪያችሁ አመሰግናለሁ።


ጠያቂዋ በድጋሚ፦ ተማሪ፣ ምሥራቅ ለንደን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህሬን በኢሜይል ጠይቄያቸው፣ ኢንጂነሪንግ ብመርጥ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ረጅም መልስ እንደሚያርሙልኝ ተስማምተዋል። ተርኒንግ ፖይንትስን ግን እርሳቸው አስተምረውት ስለማያውቁ ማረም እንደማይመቻቸው ነገሩኝ። ስለዚህ ምርጫዬ በኢንጂነሪንግና በአስትሮፊዚክስ መካከል ሆኗል።

ሁለት ጥያቄ ይቀረኛል። በዚህ ክረምት ዕረፍት ላይ ኢንጂነሪንጉን ብቻዬን ልጀምረው እችላለሁ ወይስ መጀመሪያ የመጨረሻውን ዓመት ትምህርት መጠበቅ አለብኝ? ደግሞስ ሁለቱንም ተዘጋጅቼ በፈተናው ቀን የቀለለኝን ብመርጥ ምን ይመስልዎታል፣ መምህር?


መልስ፦ የፊዚክስ መምህር፣ በርሚንግሃም

ከሁለተኛው ልጀምር፤ አይቻልም። አምስቱ ርዕሶች በአንድ ደብተር ታትመው የሚቀርቡ አይደሉም፤ እያንዳንዱ የራሱ ወረቀት አለው፣ ምዝገባውም በየርዕሱ ለየብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ለበጋው ፈተና የሚያስመዘግበው እስከ ፌብሩዋሪ 21 ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት መወሰንሽ ግድ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማጥናትም ቢሆን 14 በመቶ ለሆነ ነገር የ28 በመቶ ድካም መክፈል ነው።

ስለ ክረምቱ፣ አዎ፣ ግን በግማሹ። የሽክርክሪቱ ክፍል የሚጠይቀው ያለፈው ዓመት መካኒክስን ብቻ ስለሆነ አሁኑኑ መጀመር ትችያለሽ። የቴርሞዳይናሚክሱን ክፍል ግን አትንኪው፤ የጋዝ ሕጎችና የውስጥ ጉልበት በመጨረሻው ዓመት ዋና ትምህርት ውስጥ ይመጣሉ፣ እነርሱን ሳትይዢ የሞተር ዑደት ብታነቢ በቃል ከመሸምደድ አያልፍም። መምህርሽ ያንን ምዕራፍ መቼ እንደሚያስተምሩ ጠይቀሽ ሁለተኛውን ክፍል ከዚያ በኋላ አድርጊው። የዚህ ርዕስ ድክመት እዚህ ላይ ነው፤ አስትሮፊዚክስ አብዛኛው ነገሩ በሞገድና በብርሃን ላይ ስለሚቆም ቀደም ብሎ ሊያልቅ ይችላል፣ የአንቺ ግን ወደ ዓመቱ መጨረሻ ይገፋል።

ለልምምድ፣ የዚህ ሥርዓት ፈተናዎች የሚጀምሩት ከ2017 ሲሆን፣ በ2020 እና በ2021 በወረርሽኙ ምክንያት የበጋው ፈተና ስለተሰረዘ ያሉት ወረቀቶች እንደምትፈልጊው አይበዙም። ስለዚህ የቀድሞውን ሥርዓት ወረቀቶችም ተጠቀሚ፤ በዚያን ጊዜ ይህ ርዕስ አፕላይድ ፊዚክስ ይባል ነበር፣ ጥያቄዎቹም በአብዛኛው ዛሬም ይሠራሉ። ከመጀመርሽ በፊት ግን የአሁኑን ዝርዝር ይዘት አውጥተሽ የቀረውን ጥያቄ ለይተሽ ተሻገሪው። ቀመሮቹን ለመሸምደድ ጊዜ አታጥፊ፤ በፈተናው ላይ በሚሰጠው የቀመር ደብተር ውስጥ የምርጫው ርዕስ ቀመሮችም አሉ።

ለመምህርሽ ስሜን አስመዝግቡ ከማለትሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ከሁለቱም ርዕሶች የአንድ ዓመት ወረቀት አትመሽ፣ ሳትሠሪያቸው ከማረሚያ መመሪያው ጋር አንብቢያቸው። የትኛው መልስ «ይህን እኔም ልጽፈው እችላለሁ» እንደሚያሰኝሽ ታስተውያለሽ። ከጻፍሽው ተነስቼ ስገምት ኢንጂነሪንግ ይመቸሻል፤ መምህርሽ ለማረም ፈቃደኛ ባይሆኑ ኖሮ ግን ይህን አልልሽም ነበር።

ከወሰንሽ በኋላ፣ ክፍሉ በሙሉ በአስትሮፊዚክስ ሲመዘገብ ስምሽ በስህተት ከእነርሱ ጋር እንዳይገባ ተጠንቀቂ። የምዝገባ ማረጋገጫው ወረቀት ሲደርስሽ 7408 ከሚለው የፊዚክሱ ፈተና መለያ ቁጥር ቀጥሎ ያለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ተመልከቺ፤ ኤ ከሆነ አስትሮፊዚክስ ነው፣ ለኢንጂነሪንግ ሲ መሆን አለበት። ካልሆነ በዚያው ቀን ወደ ፈተና ቢሮው ሄደሽ አስተካክዪው።